ከአሮጌ አጀንዳ የተገኘ ስልክ ቁጥር፦ ዘመኑን፣ ቦታውንና የዛሬ መልኩን እንዴት ታውቃላችሁ?

ብዙ ቤት ውስጥ አንድ አጀንዳ አለ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ። ውስጡ ስምና ስልክ ነው። «እትዬ ዋሽንግተን»፣ «ጋሼ ሮም»፣ «የጅዳዋ ልጅ»። እኛ ቤት ያለው የእናቴ ነው። አንዱ ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ በቀይ ተሰርዞ፣ ከጎኑ ደግሞ በእርሳስ እንደገና ተጽፏል። ስርዙ ለረጅም ጊዜ ስሕተት ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። እናቴ የምትሰርዘው ያ አገር ቁጥሩን በቀየረ ጊዜ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ዓይነት አጀንዳ፣ ደብዳቤ፣ ቢዝነስ ካርድ ወይም ከፎቶ ጀርባ የተጻፈ ቁጥር ላላችሁ ሰዎች ነው። ቁጥሩ የየት አገር ነው? የመቼ ነው? ዛሬ ቢሆን እንዴት ይጻፋል? እነዚህን ሦስቱን እናወጣለን።

አንድ ነገር ከጅምሩ ያዙልኝ። ስልክ ቁጥር ያለ ቀኑ ግማሽ ነው። ለምሳሌ 01ን እንውሰድ። በ1980 ለንደን ነው። በ2000 አዲስ አበባ ነው። ከ1996 መጨረሻ ወዲህ ፓሪስና አካባቢዋ ነው። እስከ 2013 ድረስ ሪያድም ነበር። ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ይሄ የአዲስ አበባ ነው» የሚል ሰው ገና ሥራውን አልጀመረም። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ሳትነኩት ገልብጡት

መጀመሪያ ፎቶ አንሱት። ገጹን በሙሉ፣ ቁጥሩን ብቻ አይደለም። የቀለሙ ዓይነት፣ ከላይና ከታች ያሉት ስሞች፣ በጎን የተጻፈው የፖስታ ሳጥን ቁጥር፣ ሁሉም ኋላ ይጠቅማል።

ከዚያ ወደ ሠንጠረዥ ገልብጡ። ሰረዙን፣ ነጥቡን፣ ቅንፉን፣ ክፍተቱን እንዳለ ጻፉ። 51-77-00 ብሎ የጻፈን ሰው 517700 አታድርጉት፤ ሰው ቁጥር የሚከፋፍልበት መንገድ ራሱ የአገርና የዘመን ምልክት ነው። ፈረንሳዮች ሁለት ሁለት እያደረጉ ይጽፋሉ። አሜሪካኖች ሦስት፣ ሦስት፣ አራት።

ኤክሴል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ዓምዱን ቁጥር ሳትጽፉበት በፊት ወደ ጽሑፍ ዓይነት ቀይሩት። ካልቀየራችሁት ፊት ያለውን ዜሮ ይበላዋል። 011 ወደ 11 ይለወጣል፣ እናንተም ልብ ሳትሉ ሦስት መቶ መስመር ትጽፋላችሁ። እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በዚህ ምክንያት እንደ አዲስ ገልብጫለሁ።

ደረጃ 2፦ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ

ይህ የኛው የራሳችን ጣጣ ነው፤ በሌላ ቋንቋ በተጻፈ መመሪያ አታገኙትም። ደብዳቤው ላይ «1988» ተጽፏል እንበል። በኛ ከሆነ ከመስከረም 1995 እስከ መስከረም 1996 ያለው ጊዜ ነው። በፈረንጅ ከሆነ ደርግ ገና አልወረደም።

አንዳንዴ ቁጥሩ ራሱ ይፈርዳል። ለንደን እስከ ግንቦት 6፣ 1990 ኮዷ 01 ነበር። ከዚያ ለሁለት ተከፈለና 071 እና 081 ሆነ። ሚያዝያ 16፣ 1995 አንድ 1 ተጨመረና 0171 እና 0181 ሆነ። ሚያዝያ 22፣ 2000 ደግሞ ሁሉም ወደ 020 ተጠቃለለ፤ 0171 የነበረው 020 7፣ 0181 የነበረው 020 8። እንግዲህ 1988 በተባለ ደብዳቤ ላይ 0171 ካያችሁ ክርክሩ አለቀ። ጸሐፊው በኛ አቆጣጠር ነው የጻፈው። በፈረንጆቹ 1988 ይህ ኮድ አልነበረማ!

ከዚሁ ጋር አንድ ሕግ ያዙ። አዲስ ቅርጽ «ከዚህ በፊት አልተጻፈም» ይላል፣ እሱ ጠንካራ ማስረጃ ነው። አሮጌ ቅርጽ ግን «ከዚህ በኋላ አልተጻፈም» አይልም። ሰው አሮጌ ቁጥር ከአጀንዳ ወደ አጀንዳ ይገለብጣል፣ መሥሪያ ቤትም ያሳተመው የደብዳቤ ወረቀት እስኪያልቅ ይጠቀማል። አዲሱና አሮጌው ለወራት ጎን ለጎን የሚሠሩበት ጊዜም አለ፤ የለንደኑ 020 ከሰኔ 1999 ጀምሮ ይደወልበት ነበር፣ 0171ም ገና አልቆመም።

ደረጃ 3፦ የውጪውን ልብስ አውልቁ

ረጅም ቁጥር ሲያጋጥማችሁ ከግራ ጀምሩ። መጀመሪያ ያለው ወደ ውጭ አገር ለመደወል የሚጫኑት መነሻ ሊሆን ይችላል። እሱ ተቀባዩ ያለበትን ሳይሆን ደዋዩ ያለበትን አገር ነው የሚናገረው። ዛሬ አብዛኛው ዓለም 00 ይጠቀማል። አሜሪካና ካናዳ 011 ናቸው። እንግሊዝ እስከ ሚያዝያ 16፣ 1995 ድረስ 010 ነበረች፣ ፈረንሳይ እስከ ጥቅምት 18፣ 1996 ድረስ 19። ስለዚህ በ010 251 የሚጀምር ቁጥር ካገኛችሁ እንግሊዝ የነበረ ሰው ከ1995 በፊት ወደ ኢትዮጵያ ይደውልበት የነበረ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ 011 ብዙ ሰው ያሳስታል። የአሜሪካ የውጭ መነሻ ነው። ከ2005 ወዲህ የአዲስ አበባ ኮድ ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሳዑዲ 01ን ወደ 011፣ 02ን ወደ 012፣ 03ን ወደ 013 ስለቀየረች የሪያድም ነው። እንዴት ትለያላችሁ? ቀጥሎ ያለውን እዩ። ከ011 በኋላ 251 ካለና ቁጥሩ ረጅም ከሆነ አሜሪካ ያለ ሰው ነው የጻፈው። ከ011 በኋላ ሰባት አሃዝ ብቻ ካለ አዲስ አበባ ወይም ሪያድ ነው፤ ያኔ የሚፈርደው ከጎኑ ያለው ስምና አድራሻ ነው።

መነሻው ከወጣ በኋላ የአገር ኮድ ይመጣል። ኮዶቹ ዛሬ ባላቸው ቅርጽ የተከፋፈሉት በ1960ዎቹ ነው፤ ያከፋፈለውም የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ኮሚቴ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ ክፍለ ዓለሙን ይጠቁማል፦ 1 ሰሜን አሜሪካ፣ 2 በአብዛኛው አፍሪካ፣ 3 እና 4 አውሮፓ፣ 5 ላቲን አሜሪካ፣ 6 ደቡብ ምሥራቅ እስያና ኦሺኒያ፣ 7 የያኔዋ ሶቪየት ኅብረት፣ 8 ምሥራቅ እስያ፣ 9 መካከለኛው ምሥራቅና ደቡብ እስያ። የኛ 251 በሱዳን 249 እና በጅቡቲ 253 መካከል ይገኛል። ብዙ ስልክ ይኖራቸዋል የተባሉት አገሮች አጭር ኮድ ተሰጣቸው፤ ምክንያቱም ያኔ ጠቅላላው ቁጥር ከ12 አሃዝ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ወደ 15 ያደገው በ1996 ማብቂያ ነው።

የሞቱ ኮዶችን ግን ለብቻ አስቡ። በደርግ ጊዜ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ለትምህርት የሄደ ዘመድ ያለው ቤተሰብ እነዚህን ያገኛል። 37 ምሥራቅ ጀርመን ነበረች። ጀርመኖቹ በ1990 ሲዋሃዱ አላስፈለገም፣ ኋላም ተከፋፍሎ 370 ሊትዌኒያ፣ 371 ላትቪያ፣ 372 ኢስቶኒያ እያለ ሄደ። 42 ቼኮዝሎቫኪያ ነበረች፤ አገሪቱ በ1993 ተከፍላ ኮዱ ግን እስከ 1997 አብሮ ቆየ፣ ከዚያ 420 ቼክ፣ 421 ስሎቫኪያ። 38 ዩጎዝላቪያ ነበረች። ኪየቭ ያኔ በ7 ትደወል ነበር፣ ዛሬ 380 ናት። ሞስኮ 7ን ይዛ ቀረች፣ የከተማዋ ኮድ ግን በ2005 መጨረሻ ከ095 ወደ 495 ተቀየረ። ከቀይ ባሕር ማዶ ደግሞ ደቡብ የመን 969 ነበረች። ዓደን የነበረ ዘመድ ካላችሁ ይህ ቁጥር አያስደንግጣችሁ፤ ከ1990 ውሕደት በኋላ ሁሉም ወደ 967 ገባ። ኤርትራ እስከ ነጻነቷ በ251 ሥር ነበረች፣ ከዚያ 291 ሆነች። ደቡብ ሱዳን ከ2011 በኋላ ከ249 ወጥታ 211 ሆናለች።

ደረጃ 4፦ የኢትዮጵያ ቁጥር ከሆነ

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ትልቁ መስመር መስከረም 7፣ 1998 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ መስከረም 17፣ 2005። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ 01 ሲደመር ስድስት አሃዝ ነበር። ከዚያ በኋላ 011 ሲደመር ሰባት አሃዝ።

ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ምሳሌ ልውሰድ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቁጥር 251-1-51 77 00 ነበር። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት 251-11-551 77 00 ነው። የድሮው ስድስት አሃዝ አልተነካም። ከፊቱ 5 ነው የገባው። ሸራተንም እንዲሁ፤ 17 17 17 የነበረው 517 17 17 ሆነ።

«እንግዲህ 5 መጨመር ነው» ብላችሁ እንዳትሄዱ። የሚጨመረው አሃዝ እንደ ስልክ ጣቢያው ይለያያል። በ55 ይጀምሩ የነበሩት የአራዳ በኩል ቁጥሮች 155 ነው የሆኑት። የትምህርት ሚኒስቴር 55 ብሎ ይጀምር የነበረው ዛሬ 155 ብሎ ይጀምራል። ቦሌ በኩል 6 ይመጣል።

ታዲያ የጎረቤታችሁን የድሮ ቁጥር እንዴት ታስተካክላላችሁ? እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የቁጥሩን የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች እወስዳለሁ። ከዚያ በእነዚያው ሁለት አሃዞች የሚጀምር የድሮ ቁጥር የነበረው አንድ ታዋቂ ተቋም እፈልጋለሁ፤ ኤምባሲ፣ ሆቴል፣ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ፣ ሚኒስቴር። ከ2005 በፊት ባሳተመው ነገር ላይ አሮጌውን፣ ዛሬ ገጹ ላይ አዲሱን አነጻጽራለሁ። ከፊቱ የገባው አሃዝ የሰፈሩን መልስ ይሰጠኛል። ሁለት ተቋም አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጡኝ ብቻ ሠንጠረዡ ላይ «የተሰላ» ብዬ እጽፋለሁ።

ከአዲስ አበባ ውጪ ያሉት ከለውጡ ወዲህ እንዲህ ናቸው፦ 022 አዳማና ደቡብ ምሥራቅ፣ 025 ድሬዳዋና ሐረር፣ 033 ደሴ፣ 034 መቀሌ፣ 046 ሐዋሳና ደቡብ፣ 047 ጅማ፣ 057 ነቀምቴ፣ 058 ባሕር ዳርና ጎንደር። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ወረቀቱ ከመስከረም 2005 ወዲህ ነው።

ሞባይል በ1999 ነው የገባው። መጀመሪያ 09 ሲደመር ስድስት አሃዝ ነበር። በለውጡ ጊዜ 09 ወደ 0911 ተለወጠ፣ ስድስቱ እንዳሉ ቀሩ። 0911 ያለው ሰው ዛሬም «የድሮ ቁጥር ነው» የሚባልለት ለዚህ ነው። በ07 የሚጀምረው የሳፋሪኮም ደግሞ ከ2022 ወዲህ የመጣ ነው፣ ከዚያ በፊት በተጻፈ ወረቀት ላይ ሊኖር አይችልም።

ደረጃ 5፦ የውጭ አገሩን በየጠባዩ አንብቡ

አገሮች ቁጥር የሚቀይሩት በሦስት ዓይነት መንገድ ነው፣ ሦስቱን ካልለያችሁ ሠንጠረዣችሁ ይበላሻል። አንዱ አሃዝ መጨመር ነው፣ እንደኛው። ሁለተኛው ኮድ መክፈል ነው፤ ግማሹ ከተማ አሮጌውን ይዞ ይቀራል፣ ግማሹ አዲስ ይቀበላል። ሦስተኛው መደረብ ነው፤ የማንም ቁጥር አይቀየርም፣ በዚያው አካባቢ ላይ ሁለተኛ ኮድ ይጨመራል።

አሜሪካ መክፈልና መደረብ ትወዳለች። በ1947 በ86 ኮዶች ነው የጀመሩት፣ እስከ 1995 ድረስ የኮዱ መካከለኛ አሃዝ 0 ወይም 1 ብቻ ነበር። ስለዚህ 202፣ 301፣ 213 የቆዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ 240፣ 571፣ 323 ግን ከ1995 በፊት በተጻፈ ወረቀት ላይ አይገኙም። ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት አካባቢ ብናየው ዋሽንግተን ዲሲ 202 ናት። ሜሪላንድ ሙሉዋ 301 ነበረች፣ በ1991 የባልቲሞሩ ወገን 410 ሆኖ ተከፈለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በ301 ቀረች፣ በ1997 ደግሞ 240 ተደረበባት። የሰሜን ቨርጂኒያ 703 በ2000 ዓመት 571 ተደረበበት። ሎስ አንጀለስ፣ ዛሬ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለው የፌርፋክስ ሰፈር በ213 ነበር፣ በ1998 ወደ 323 ሄደ። ስለዚህ ቁጥሩ 213 ሆኖ አድራሻው ፌርፋክስ የሆነ ካርድ ካላችሁ ከ1998 በፊት የታተመ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከሞባይል ወዲህ ግን ተጠንቀቁ። ሰው ቁጥሩን ይዞ ከዲሲ ወደ ሲያትል ይሄዳል፣ ኮዱ የሚናገረው መጀመሪያ ያወጣበትን ቦታ ነው።

ጣሊያን ለየት ትላለች። ቁጥሩ አልረዘመም፣ በ1998 ዜሮው እንዲቀር ተደረገ። ሮምን ከውጭ ለመደወል 39 6 ይባል የነበረው 39 06 ሆነ። ዜሮ ቆርጦ መጻፍ የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ፈረንሳይ በ1985 ወደ ስምንት አሃዝ፣ በጥቅምት 1996 ወደ አሥር ሄደች፣ ያኔ ነው 01 ለፓሪስ አካባቢ የሆነው። ኩዌት በጥቅምት 2008 ከሰባት ወደ ስምንት አሃዝ ገባች፣ ለመደበኛ ስልክ ፊቱ ላይ 2 ጨምራ። ቶኪዮ በ1991 መጀመሪያ አንድ 3 ጨመረች፣ ሲድኒ በ1996 አንድ 9፣ የሳኦ ፓውሎ ሞባይሎች በ2012 አንድ 9። ከተማ ሲያድግ የተለመደው ይሄ ነው።

በጣም የቆየ ወረቀት ካላችሁ ከቁጥር ጋር ፊደል ወይም የሰፈር ስም ታያላችሁ። ስልክ መጀመሪያ በስም ነበር የሚጠየቀው። በአሜሪካ ሎዌል ከተማ በ1879 አካባቢ የኩፍኝ ወረርሽኝ ሲገባ ሐኪሙ ሞሰስ ግሪሊ ፓርከር፣ ስም በቃል የሚያውቁት ጥቂት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች ቢታመሙ ከተማው ይዘጋል ብሎ ለደንበኞች ቁጥር እንዲሰጥ መከረ ይባላል። ኋላ ደግሞ የጣቢያው ስምና ቁጥር አብረው ሄዱ። የለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት «ዋይትሆል 1212» ነበር። ፊደሉን ወደ አሃዝ ብትመልሱት 944 ይመጣል። ግን ስሞቹ ሲቀሩ የተሰጠው 230 ነው። ሰንሰለቱ እንዲህ ሄደ፦ ዋይትሆል 1212፣ 01-230 1212፣ 071-230 1212፣ 0171-230 1212፣ 020 7230 1212። የመጨረሻው 1212 እስከ ዛሬ አለ። ፊደል ስትቀይሩ የአገሩን መደወያ ተጠቀሙ፤ የእንግሊዝኛው «ኦ» በአሜሪካ መደወያ 6 ላይ ነው፣ በእንግሊዝ ግን ዜሮ ላይ ነበር።

ደረጃ 6፦ ማረጋገጫ ፈልጉ

ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የድሮ የስልክ ማውጫዎችን ስካን አድርጎ በነጻ አስቀምጧል። ለእንግሊዝ ቢቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ከ1880 ጀምሮ ያሉ ማውጫዎች አሉት። ከ1996 ወዲህ ላለው ዌይባክ ማሽን (የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ) ወርቅ ነው፤ የኤምባሲን የድረ ገጽ አድራሻ አስገቡና የ2004ን ገጽ ከ2006ቱ ጋር አነጻጽሩ። መንግሥታት የቁጥር ለውጥ ሲያደርጉ የሚያሳውቁት በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መጽሔት ላይ ነው፣ እሱም በነጻ ይነበባል። የቤታችሁን ማስረጃም አትናቁ፦ የድሮ የስልክ ሒሳብ ደረሰኝ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ ካላንደር። ካላንደርማ ቀኑም ቁጥሩም አብሮት ነው።

ደረጃ 7፦ ሠንጠረዡን በዘመን አዘጋጁ

አንድ ሰው፣ አንድ መስመር የሚለውን ተዉት። አንድ ዘመን፣ አንድ መስመር አድርጉ። የዋይትሆሉ ቁጥር አምስት መስመር ይይዛል። ዓምዶቹ፦ እንደተጻፈው፣ የተገኘበት ወረቀት፣ አገር፣ የአካባቢ ኮድ፣ የቀረው ቁጥር፣ ከመቼ፣ እስከ መቼ፣ የለውጡ ዓይነት፣ የዛሬ መልክ፣ እርግጠኝነት። የዛሬው መልክ በመደመር ምልክትና በአገር ኮድ ይጀምር፣ +251 11 እያለ። አሮጌውን በአዲሱ አትተኩ። ከተካችሁት ወረቀቱን ከዘመኑ ጋር የምታስሩበት ገመድ ጠፋ። እርግጠኝነት ላይ ሦስት ቃል ይበቃል፦ የታየ፣ የተሰላ፣ የተገመተ።

ደረጃ 8፦ ከመደወላችሁ በፊት

የዛሬ መልኩን ማግኘት ሰውየውን ማግኘት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተተወ ቁጥር ከ45 ቀን በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ግን ከቤቱ ጋር ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ስለዚህ ተስፋው ይበልጣል። በሕይወት ያለን ሰው ቁጥር የትም አትለጥፉ፤ ሠንጠረዡን ለቤተሰብ ስታካፍሉም የመጨረሻ አራት አሃዞችን ሸፍኑ።

ስትደውሉ ደግሞ የአገሩን ሰዓት አስሉ። ያነሳው ሰው እንግዳ ከሆነ ቶሎ አትዝጉ። ማን እንደሆናችሁ፣ ቁጥሩን ከማን አጀንዳ እንዳገኛችሁት፣ በየትኛው ዓመት እንደተጻፈ በእርጋታ ንገሩት፣ ከዚያ «ከእርስዎ በፊት እዚህ ቤት ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ጻፉት፣ ከቀኑ ጋር።